የእድር መዝገብና የሱባ ጽዶች

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ነገሩ እንደሚተረከው ከሆነ፣ ንጉሡ ያስተከሉት በእርሳቸው ዕድሜ ግንዱ የማይደነድን ዛፍ ነው። የየሰፈሩ እድሮች በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባሎቻቸውን ከነልጆቻቸው ይዘው ወደዚህ ደን ቢወጡ እላለሁ። ሲወጡ ግን ከስንቁ ጋር ሜትርና መዝገብ ይያዙ። ጥቂት ዛፎች መርጠው የግንዳቸውን ዙሪያ በደረት ከፍታ ይለኩ፤ በየዓመቱም ተመልሰው እነዚያኑ ዛፎች ይለኩ። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ የአንድ ዓመት ለውጥ በሜትር እምብዛም አይለይም። እኔን የሚስበኝም ይኸው ነው፤ ዛሬ የሚጻፈው ቁጥር የሚፈታው መዝገቡን ለተረከቡት ልጆች ነው።

ለዕለት እንጀራ የሚጨነቅን ሰው ስለ መቶ ዓመት አስብ ማለት ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ። እድሩ ራሱ መልስ ይሰጣቸዋል። ቀኑን ለማያውቀው ሞት በየወሩ የሚያዋጣ፣ የገዙት ሰዎች ካለፉም በኋላ የሚያገለግል ድንኳንና ድስት ያለው ሕዝብ አርቆ ማሰብን ከማንም አይማርም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና መዝገቡም ተዘጋጅተው ያሉ ናቸው። የአውቶቡስ ኪራይ ለከበደው እድር በአቅራቢያው ያለ የደብር ቅጥር ይበቃዋል። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ አገር በቀሉ ደን በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ የጠበቀውም በእግሩ እየመጣ የሚሳለምና ሙታኑን እዚያው የሚቀብር ሕዝብ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ በየክረምቱ ችግኝ እየተከልን ሌላ ጉዞ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው አስወጥቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ካሜራውም ንግግሩም ለተከላው ቀን ነው፣ የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ባለው በጋ ነው። በዚያ ጊዜ ማን ሄዶ ያየዋል? የለመደ እድር ሱባ ላይ የጀመረውን ልኬት ራሱ ወደተከለው ቦታ ያምጣው። የደረቀውም ችግኝ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ከብት በልቶት ይሁን፣ ውሃ አጥቶ፣ ወይም ከመጀመሪያው ለቦታው የማይስማማ ዝርያ ሆኖ፤ የሚቀጥለው ክረምት ተከላ ከመጀመሩ በፊትም ይህ ገጽ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ።