ስደቱን የሚሸኘው የእርሻው ደመወዝ

ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚወርድ እንግዳ ልቡ ፍል ውሃው ላይ ነው፤ ከአዋሽ ወንዝ ላይኛው ክፍል ያለውን የወንጂን ሸንኮራ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ አገዳውን ለመቁረጥ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ሰው ጎረፈ። ያው ሀዲያ ዛሬ ወጣቶቹን የሚሸኘው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከሶደሬ ማዶ ያለው አርሲም ሴት ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር ይልካል። የእርሻ ሥራው ግን አልጠፋም። የሸንኮራው ቅጠል ይቃጠላል፣ ቆራጩም በጠራራ ፀሐይ ጥላሸት ለብሶ አገዳውን ከሥሩ ይጥላል። እናም «ሥራ አጥተው ተሰደዱ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ያጡት ቤተሰብ የሚያኖር ደመወዝ ነው።

ጉድለቱን የሚሸፍኑት ሁለት ገንዘቦች ናቸው፦ ከውጭ የሚላከውና እርዳታው። የተላከው ብር ቆርቆሮ ይሆናል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል፣ መድኃኒት ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የእርዳታ መርሃ ግብር ሴፍቲኔትም ሚሊዮኖችን ከረሃብ ታድጓል። ሁለቱንም የማጣጥል አይደለሁም። ነገር ግን እህቱ ከሪያድ የምትልክለት ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ ችሎ ሲቆይ፣ የእሷ ላብ ሳይታወቅ ለአሠሪው ድጎማ ሆኗል ማለት ነው። ደግሞም ሁለቱም ምንጮች በሌላ እጅ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችንን በጥቂት ወራት መለሰች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ።

በእጃችን ያለው የደመወዝ ወለል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል፤ ዓመታት ቢያልፉም ለግሉ ዘርፍ ወለል አልተቀመጠም። «ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚለውን ስጋት ቀለል አድርጌ አላየውም፤ የዝዋይ አበባ የሚሸጠው በብርቱ ውድድር ነውና። ሆኖም ዋነኛዋ ተፎካካሪያችን ኬንያ ለእርሻ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ወስናም በአበባ ንግድ ትበልጠናለች። የበለጠ የሚከብደኝ የመቂና የቆቃ ሽንኩርት አምራች ጉዳይ ነው፤ ዋጋ ሲወድቅበት ለለቃሚ የሚከፍለው ያጣል። በእሱ ላይ ወለሉን ከመጫን በፊት ከትላልቆቹ እርሻዎች መጀመር ይሻላል። «ስደቱ ከቀነሰ የውጭ ምንዛሪም ይቀንሳል» ለሚሉትም፣ የሴት ልጅን ስደት የምንዛሪ ምንጭ አድርጎ ማቀድ ለእኔ ተቀባይነት የለውም፤ መሄድ የምትፈልግ ትሂድ፣ መቅረትም ግን የሚያዋጣ ምርጫ ይሁንላት። የወለሉ ሕግ ሲወጣ በቀን ለሚከፈለው ብቻ ሳይሆን በቁርጥ ለሚሠራውም ይድረስ፤ አለዚያ አሠሪው የቀኑን ሥራ ወደ ቁርጥ ለውጦ ወለሉን ያልፈዋል።