«41 ፐርሰንት አለኝ» ያለው እጮኛ

የዛሬው ጉዳያችን ፍቅርም ነው፣ የስልክ ባትሪም ነው። «ደግሞ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝማ!

ነገሩ የሆነው እዚሁ ዋግ ኽምራ ነው። ልጁ ደሃና ወረዳ ደጋው ላይ ያስተምራል። ልጅቷ ሰቆጣ ከተማ ትሠራለች። ቀለበት ካሰሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እሱ ባለበት ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ጋቢውን ደርቦ ይወጣና ይደውልላታል። በዚህ ሁኔታ ነው ፍቅሩ የቆየው።

ኅዳር ላይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «41 ፐርሰንት አለኝ፣ ማታ በደንብ እናወራለን» የሚል መልእክት ላከላት። የሠርጉን ወጪ ሊነጋገሩ ነው፤ ቤተሰቦቿም መልስ እየጠበቁ ነው። ማታ ደወለ። ገና «እንዴት ዋልሽ» ተባብለው ወደ ዋናው ነገር ሲገቡ… ጭጭ! መልሳ ብትደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለው ድምፅ ብቻ።

ይሄ እንኳ ባልከፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ሌላ መልእክት ላከ። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ስልኬ ዘግቶብኝ ነው። አሁን ተነስቷል፣ 27 ይላል» አላት። የዋህነቱን እዩልኝ! እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረበት።

ይህ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ሦስቱም ጊዜ የተዘጋው ስለ ገንዘብ ሲነሳ ነው። ሁለቱንም ስለማውቃቸው ልጅቷ እኔ ዘንድ መጣች። መልእክቶቹን አሳየችኝና እንዲህ አለችኝ። «ጓደኛህ ስለሆነ እንዳታግዝለት። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በ41 ፐርሰንት ስልክ ይሞታል? የሞተ ስልክስ ያለ ቻርጅ ይነሳል? ካልፈለገኝ ፊት ለፊት ይንገረኝ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጠርጥሬው ነበር። እናንተስ ብትሆኑ? በእሷ ቦታ የሚቆም ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቀለበቱን ልትመልስ ነው የመጣችው። ቢሆንም ከመፍረድ በፊት አንድ ሳምንት ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ያ ሳምንት ያስተማረኝን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ስልካችን ላይ የምናየው ፐርሰንት የተለካ ነገር ሳይሆን ግምት ነው። ስልኩ ወይም ባትሪው ውስጥ «ፊውል ጌጅ» የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። ሥራዋ እንደ መኪና ነዳጅ ጌጅ ነው፤ ግን የመኪናው ጌጅ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለው። ባትሪ ውስጥ ምን ይንሳፈፋል? ምንም! ስለዚህ ቺፗ በዘዴ ትገምታለች።

ዘዴዋን የጠላ ቤት እመቤት ታውቀዋለች። ጋኑ ውስጥ ምን ያህል ጠላ እንደቀረ ለማወቅ አንድም የቀዳችውን ጣሳ ትቆጥራለች፣ አንድም ጋኑን ዘንበል አድርጋ ክብደቱን ትገምታለች። ቺፗም እንዲሁ ናት። አንደኛ፣ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ ትቆጥራለች። ሁለተኛ፣ የባትሪውን ቮልቴጅ ታያለች።

ሁለቱም ዘዴ ችግር አለበት። ቆጠራው ላይ ትንሽ ትንሽ ስህተት ይጠራቀማል። የሚታረመው ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ጨርሶ ሲያልቅ ወይም ለሰዓታት ያለ ሥራ ሲያርፍ ነው። ቮልቴጁ ደግሞ መሐል ላይ ግራ ያጋባል። የስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲያልቅ ወደ 3.4 ገደማ ይወርዳል። በ60 ፐርሰንትና በ40 ፐርሰንት መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ መገመት እንዴት እንደሚያስቸግር አስቡት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አተላው ነው! ጋኑ ውስጥ አተላ በተከማቸ ቁጥር የሚይዘው ጠላ ያንሳል አይደል? ባትሪም ሲያረጅ የሚይዘው ይቀንሳል። 20 ጣሳ ይይዝ የነበረው 14 ብቻ ይይዛል። ቺፗ ይህን ካላወቀች 14ቱ ተቀድቶ ባለቀበት ሰዓት «ገና 6 ጣሳ አለ» ትላለች። ማለትም 30 ፐርሰንት! ስልኩ ግን ባዶ ነው።

ታዲያ የልጁ ስልክ ያለ ቻርጅ እንዴት ተነሳ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ያረጀ ባትሪ ዝገት እንደያዘው ቧንቧ ነው። ውኃው አለ፣ ግን በአንዴ ብዙ ክፈት ስትሉት እምቢ ይላል። ብርድ ሲጨመርበት ቧንቧው ይበልጥ ይጠባል። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ደግሞ ስልኩ ራቅ ወዳለው ማማ ለመድረስ ጉልበቱን ስለሚጨምር ብዙ ኃይል ይስባል። ሦስቱ ሲገጥሙ ቮልቴጁ ድንገት ይወርድና ስልኩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ኪሱ ከቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ስልኩ ከሰውነቱ ሙቀት ያገኛል፣ ባትሪውም ያርፋል። ቮልቴጁ ያገግማል። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው… 27 ፐርሰንት!

«የገጠር ስልክ ስለሆነ ነው» የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳንድ የአይፎን 6ኤስ ስልኮች ቻርጅ እያላቸው ድንገት እየጠፉ ባለቤቶቻቸውን አስመርረዋል። አፕል በ2017 መጀመሪያ ባወጣው ሶፍትዌር ያረጀ ባትሪ ያላቸውን ስልኮች ፍጥነት ቀነሰ፤ ይህን ለተጠቃሚው በግልጽ ባለመናገሩም በዓመቱ መጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2021 ደግሞ አይፎን 11 ላይ የባትሪ ጤንነት ንባቡ ስለተዛባ፣ በሶፍትዌር እንደገና እንዲስተካከል አድርጓል። የዓለም ሀብታም ኩባንያ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ልጅ ኮረብታ ላይ ቢቸገር ምን ይገርማል?

ወደ ፈተናው እንምጣ። ልጁን «ደብተር ያዝ» አልኩት። ሰዓቱን፣ ፐርሰንቱን፣ የት እንደነበረና ምን ይሠራ እንደነበረ እንዲጽፍ ነገርኩት። በሳምንቱ ይዞ መጣ። ማታ ኮረብታው ላይ ሲደውል ስልኩ የጠፋው በ38፣ በ41 እና በ35 ነው። ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሳይደውል ሲጠቀምበት ግን እስከ 12 ወርዷል! ያው ስልክ፣ ያው ባትሪ። ሰውዬው እየዘጋው ቢሆን ኖሮ ብርዱን ለምን ይጠብቃል?

ሌላም ነገር ደብተሩ ላይ አገኘን። ልጁ ቻርጅ የሚያደርገው በትንሽ ሶላር ነው። ፀሐይ ስታገኝ ትንሽ፣ ደመና ሲመጣ ቆም። በሰባቱ ቀን አንድም ቀን 100 አልገባም። ቺፗ ስህተቷን የምታርምበት ዕድል አላገኘችም ማለት ነው።

ሰቆጣ ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ የስልኩን ጀርባ ሲከፍት ባትሪው በትንሹ አብጧል። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ባትሪው ተቀየረ።

እናንተስ? ስልካችሁ 100 ላይ ለሰዓታት ቆሞ ከዚያ እንደ ናዳ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም በ30 እና በ40 የሚሞት ከሆነ፣ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ መዝግቡ። ለሦስትና ለአራት ቀን ከላይ እንዳልኩት ጻፉ። በብርድና በጥሪ ጊዜ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። በየትኛውም ሁኔታ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ግን ምናልባት የተዛባው ጌጁ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ 15 እና 20 ከተቀየረ ንባቡ ልክ እንዳልነበረ ተረዱ። የቻርጀሩን ገመድም ቀይራችሁ ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ጌጁን አስተካክሉት። ስልኩ በራሱ እስኪጠፋ ተጠቀሙ። ለጥቂት ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ሳታቋርጡ እስከ 100 ሙሉት፣ ሞልቶም አንድ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ላይ ይቆይ። መብራት በማይጠፋበት ቀን አድርጉት፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ግን አታብዙት! ሊቲየም ባትሪ ጨርሶ ማለቅ ይጎዳዋል። በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይበቃል። «ባትሪ ካሊብሬሽን» የሚሉ አፖችን ተዉአቸው፤ አብዛኞቹ ቺፗ ዘንድ መድረስ አይችሉም።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ ባትሪውን ቀይሩ። ከስልካችሁ ሞዴል ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ። የድሮው 5000 የሚል ከሆነና በዚያው መጠን ያለ ባትሪ «9000 ነው» ቢሏችሁ አትመኑ። ከተቀየረም በኋላ ቺፗ የድሮውን ባትሪ ልክ ይዛ ልትቆይ ስለምትችል ሦስተኛውን ምክር አንዴ ድገሙት።

አምስተኛ፣ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ መጠቀም አቁሙ። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት። ይቃጠላል!

ደጋ ያላችሁ ስልካችሁን በውስጥ ኪስ ያዙ። እንደ አበርገሌና ዝቋላ ባለው ቆላ ያላችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ብርድ ባትሪን ለጊዜው ሲያደክመው፣ ሙቀት ግን ለዘለቄታው ያረጀዋል።

ስለ ፓወር ባንክም አንድ ልበላችሁ። አራቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው 25 ፐርሰንት ገደማ ናቸው እንጂ ልክ አይደሉም። 10000 የተባለውም ስልክ ላይ ሲደርስ ወደ 6000 ገደማ ይሆናል፤ ቮልቴጁ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀንሳል፣ በመንገድም ይባክናል። ባለ 5000 ስልክ ሁለቴ ካልሞላላችሁ ሻጩን አትስደቡት።

በጦርነቱ ጊዜ ሰቆጣ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ከርማለች። ያኔ አንዲት ፐርሰንት ምን ማለት እንደሆነች የዚህ አገር ሰው ያውቃል። ዛሬ ደግሞ በቴሌብር ምክንያት ገንዘባችንም ስልካችን ውስጥ ነው። ገበያ መሐል «40 አለኝ» ብላችሁ የምትሞት ስልክ፣ ስትሞት ኪሳችሁንም ይዛ ነው የምትሞተው። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት የስልካችሁን ጠባይ እወቁ። ስልካችሁ በ35 የሚሞት ከሆነ፣ 35 ለእናንተ ዜሮ ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ።

የልጅቷስ ነገር? ደብተሩን ሰጠኋት። ገጽ በገጽ አነበበችው። አበጠውን ባትሪ ጥገና ቤቱ ድረስ ሄዳ በዓይኗ አየችው። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «እሺ፣ ስልኩን ይቅር ብየዋለሁ። እሱ ግን የገንዘቡን ነገር ገና አልነገረኝም» አለች።

ልክ ናት! ባትሪው ለሦስቱ ጥሪዎች መልስ ሆነ እንጂ ለሠርጉ ወጪ መልስ አልሆነም። ልጁ ቅዳሜ ከደሃና ወርዶ ሰቆጣ መጣ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋገሩ። ያጠራቀመው እሷ ከጠበቀችው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሠርጉ ወደ ሚያዝያ ተገፋ። ቀለበቱ ግን ጣቷ ላይ ነው፣ እኔው ምስክር ነኝ።

እናም የዚህ ዓምድ ወዳጆች፣ ፍቅረኛችሁ «ስልኬ ዘግቶብኝ ነው» ሲላችሁ ወዲያው አትፍረዱ፣ ወዲያውም አትመኑ። ደብተር ስጡት! ትልልቅ ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ በ41 ፐርሰንት አትጀምሩት፤ ተገናኝታችሁ ተነጋገሩ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!