የተተከለ ኩላሊትና ፈንገስ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለሕሙማን ከባሕር ማዶ ጉዞ ሌላ አማራጭ ሰጥቷል። ሆኖም አዲስ ኩላሊት ይዞ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ሰው ከሐኪሞቹ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይኖራል።

ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው በየዕለቱ የሚወስደው መድኃኒት የመከላከል አቅሙን ስለሚያዳክም፣ ካንዲዳ፣ አስፐርጊለስና ክሪፕቶኮከስ የተባሉት ፈንገሶች በቀላሉ ይበረቱበታል። ክፋቱ ምልክታቸው አሳሳች መሆኑ ነው፤ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ፣ ራስ ምታቱ ተራ ብርድ ሊመስል ይችላል።

ሕክምናውም የራሱ ወጥመድ አለው። ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስ ከሰውነት የሚወገድበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ይላል፤ በጊዜ ካልተስተካከለ የተተከለውን ኩላሊት ይጎዳል። አስፐርጊለስን ደግሞ ፍሉኮናዞል ከቶ አይነካውም። ስለዚህ ይህን መድኃኒት በግምት ማዘዝ፣ ይልቁንም ያለ ማዘዣ መሸጥ፣ ለእነዚህ ሕሙማን ቀላል ስሕተት አይደለም።

በኤችአይቪ ሕክምና የታወቀው ፈጣን የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ውጤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳውቃል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዘው፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይኸው ምርመራ ሳይዘገይ ሊታዘዝለት ይገባል። የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ስልክም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ይጻፍ፤ መድኃኒት የሚያዝዘው ባለሙያ በዚያው ሰዓት ይደውልለት።