የእንግዳ ብዛትና የሆቴል ትርፍ፤ ከማልታ ደሴቶች የሚገኝ ትምህርት

እንግዳ በበዛ ቁጥር የሆቴል ባለቤት ትርፍ ይበዛል የሚለው አሳብ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቆጥሮ ይኖራል። በሜዲቴራኒያን ባሕር መካከል የምትገኘው ትንሿ የማልታ ሪፑብሊክ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ያሳለፈቻቸው ዓመታት ግን ይህ አሳብ ሳይመረመር ሊያዝ የማይገባው መሆኑን በግልጽ ያስረዳሉ።

የማልታ ደሴቶች ስፋት በጠቅላላው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የነዋሪው ሕዝብ ቁጥር ከ519,000 ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። አገሪቱ ወንዝ የላትም፤ ከምትጠጣውም ውሃ ከግማሽ የሚበልጠውን የምታገኘው የባሕርን ውሃ ከጨው እያጣራች ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይዋ፣ የባሕር ዳርቻዋና የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የቈረቈሯት ዋና ከተማዋ ቫሌታ ከሩቅም ከቅርብም ጎብኚዎችን ስለሚስቡ፣ የቱሪስት ንግድ ከአገሪቱ የሀብት ምንጮች ዐይነተኛው ሆኖ ቆይቷል።

በ2019 ዓ.ም. ደሴቶቹን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች 2.75 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከመጋቢት 21 ቀን እስከ ሰኔ መጨረሻ መደበኛ የመንገደኛ አኤሮፕላኖች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ የዓመቱ እንግዳ ከ660,000 ሳያልፍ ቀረ። መንግሥቱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዕድሜው 16 ዓመት ለሞላው ነዋሪ ሁሉ የ100 ዩሮ የመገበያያ ኩፖን አደለ፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሌሊት በሆቴል ለሚያድር ጎብኚ ከሆቴሎቹ ጋር በመተባበር እስከ 200 ዩሮ የሚደርስ ድጎማ ሰጠ። ከዚህ በኋላ የእንግዳው ቁጥር በ2022 ዓ.ም. ወደ 2.3 ሚሊዮን፣ በ2023 ዓ.ም. ወደ 3 ሚሊዮን የተጠጋ ሲሆን፣ በ2024 ዓ.ም. 3.56 ሚሊዮን ደረሰ። ብዙ ሠራተኛ ከመበተን፣ ብዙ ሆቴልም ከመዘጋት የዳነ ስለ ሆነ ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባል።

ሆኖም ሒሳቡ ከእንግዳው ቁጥር ላይ አይቆምም። በ2019 ዓ.ም. ጎብኚዎቹ ያወጡት ገንዘብ 2.2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. ወደ 3.3 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። ይህ ለእንግዶቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው ቀድሞ 800 ዩሮ ያህል የነበረው 920 ዩሮ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በ2022 እና በ2023 ዓ.ም. ብቻ የዕቃ ዋጋ በያመቱ በመቶ ከ5 በላይ እንደ ጨመረ ሲታሰብ፣ ከአንዱ እንግዳ የተገኘው ጭማሪ ከሞላ ጎደል በዋጋው ውድነት ተበልቷል። ከዚህም በላይ፣ ቀድሞ አንድ ጎብኚ በአማካይ 7 ሌሊት ያድር የነበረው ወደ 6 ሌሊት ተኩል ወርዷል። እንግዳው ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ አንሶላ የሚያጥበው፣ ክፍል የሚያጸዳውና ሻንጣ የሚሸከመው ሠራተኛ ድካምና ወጪ እንደሚበዛ ሆቴል ያስተዳደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ትልቁ አደጋ ግን ከአልጋው ብዛት የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ሆቴሎች ለአካባቢው ከተወሰነው ከፍታ በላይ ሁለት ፎቅ እንዲጨምሩ ስለ ተፈቀደ፣ ገንዘብ ያለውም የተበደረውም ወደ ግንባታ ተሽቀዳደመ። የአገሪቱ የሆቴሎችና የምግብ ቤቶች ማኅበር ዴሎይት በተባለው ድርጅት አስጠንቶ በ2022 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ጥናት፣ የታሰበው ግንባታ ሁሉ ከተፈጸመ ከመቶው አልጋ ሰማንያው እንዲያዝ በዓመት 4.7 ሚሊዮን እንግዳ እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ይህን ያስጠኑት የንግዱ ባለቤቶች ራሳቸው መሆናቸው በጣም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ባዶ አልጋ የበዛበት ባለ ሆቴል ዋጋ ይቀንሳል፤ ዋጋው ሲቀንስ ጎረቤቱም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ደመወዝና የቤቱ ዕድሳት ይጎድላል፤ የባንኩ ዕዳ ግን እንደ ነበረ ይቆያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ደሴቲቱም የምትሸከመው ልክ አላት። በሐምሌ 2023 ዓ.ም. በከባድ ሙቀት ከመሬት በታች የተቀበሩ የኤሌክትሪክ መስመሮች እየተበላሹ፣ ብዙ አካባቢዎች ለቀናት ደጋግሞ መብራት ጠፍቶባቸዋል። በኮሚኖ ደሴት ብሉ ላጉን የተባለው የመዋኛ ስፍራ በሰው ብዛት ስለ ተጨናነቀ፣ በ2025 ዓ.ም. ጎብኚዎች አስቀድመው እንዲመዘገቡና በአንድ ጊዜ ከ4,000 ሰው በላይ እንዳይገባ ተወስኗል። በሙቀትና በግፊያ ተሰላችቶ የተመለሰ እንግዳ ለወዳጆቹ የሚያወራው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

አዲስ ሆቴል መሥራት ለድንጋይ ጠራቢውም፣ ለአስተናጋጁም እንጀራ ይሆናል፤ ውድድርም መስተንግዶን ያሻሽላል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን የግንባታው ሥራ ሕንጻው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ የአስተናጋጁ እንጀራ የሚዘልቀው ግን አልጋው በክረምትም በበጋም ሲያዝ ነው። መስተንግዶን የሚያሻሽል ውድድርም በመስተንግዶ ጥራት የሚደረገው እንጂ ማን ይበልጥ ያረክሳል በሚል የሚደረገው አይደለም።

ስለዚህ ለማልታ የሚሻለው መንገድ፣ የአዲስ አልጋ ፈቃድን ከውሃው፣ ከመብራቱና ከመንገዱ ዐቅም ጋር አመዛዝኖ መስጠት፣ ያረጁትን ሆቴሎች ማደስ፣ ብርድ በሌለው የክረምት ወራትም ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ እንግዳ መፈለግ ነው። ይህንንም ከመንግሥቱ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው ባለ ሆቴሎቹ ናቸው፤ የሚጠበቀው የራሳቸው ንብረት ነውና። በየትኛውም አገር ሆቴል ለመሥራት የሚያስብ ነጋዴ ደግሞ፣ ስንት እንግዳ ይመጣል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ስንት ሌሊት ያድራል፣ ወጪው ተቀንሶስ ምን ይተርፋል ብሎ ቢጠይቅ ካፒታሉን ከጥፋት ያድናል።