ሁለት መዝገብ ለሚጠይቅ አንድ መልስ

ባለፈው ጥቅምት፣ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን አሳውቀው የሚጨርሱበት 30ኛው ቀን ሊደርስ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐይቅ ከተማ ከምትገኘው ጠባብ ቢሮዬ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ገቡ። ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ደረሰኝ ተሸክመዋል። ከእኔ በፊት ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች ነበሯቸው፤ ሁለቱንም «ሌቦች» ብለው ረገሟቸው። ከዚያ በወረቀት ቁራጭ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉና፣ «ልጄ፣ ግብሩ ከዚህ እንዳያልፍ። ለእኔ እውነተኛውን፣ ለገቢዎች ሌላውን ትሠራልኛለህ። ሰው ካስፈለገም ሰው አለ» አሉኝ።

የቀደሙት ዓመታት መዝገብ የት እንደ ደረሰ ጠየቅኋቸው። «በጦርነቱ ተቃጠለ» አሉ። ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙበት በ2014 መኸር ይህ አካባቢ ምን እንዳየ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ሱቁ ተዘርፎ፣ ወረቀቱ አመድ ሆኖ የቀረ ደንበኛ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ፊት የሚነሳ ባለሙያ ልብ የለውም። የእኚህ ሰው እሳት ግን በ2014 ተነሥቶ እስከ 2017 ሲነድ የኖረ ነው!

ያቀረቡልኝ ክፍያ የሦስት ወር የቢሮ ኪራይ የሚሸፍን ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። የሥራ ባልደረቦቼን ባማክር መልሳቸው አንድ ዓይነት ሆነ፦ «አንተ ብትመልሰው ሌላው ይቀበለዋል።» አንዱማ ጨክኖ፣ «መንግሥት በግምት ሲዘርፈው ዝም ያልክ፣ ነጋዴው ራሱን ሲከላከል ጻድቅ ልትሆን ነው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ግብርና ግምት የቆየ ጠብ አላቸው። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ፣ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ መሬቱን ሊለካና ሊገምት የሚመጣው ሹም ነበር። በሐምሌ 2009 ደግሞ የቀን ገቢ ግምት በነጋዴው ላይ ሲወርድ፣ አምቦን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣም፣ ለይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው ከሚከራከርበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ደነገገ። ግማሹን ማስያዝ የማይችል ድኻ ነጋዴ እውነት ቢኖረውም የት ይደርሳል? እንግዲህ የባልደረባዬ ቁጣ መሠረት አለው።

ዳሩ ግን ከቁጣው የሚያወጣው ፍርድ ስሕተት ነው። ገማቹን ማን ይመግበዋል? ያው አዋጅ መዝገብ ሲጠፋ ወይም ሳይታመን ሲቀር በግምት መወሰንን ይፈቅዳል። እኛ የሒሳብ ሰዎች ሐሰተኛ መዝገብ ባቀረብን ቁጥር፣ ሹሙ «የነጋዴ መዝገብ አይታመንም» የሚልበትን ምክንያት በእጁ እናስጨብጠዋለን። ቀጥሎ የሚመጣው በሐቅ የመዘገበው ሰው ነው፤ የእርሱም መዝገብ ከሌላው ጋር ተጥሎ፣ ያልሸጠውን እንደ ሸጠ ይገመትበታል። የእኚህ ነጋዴ ሁለተኛ መዝገብ የሚከላከለው ከመንግሥት አይደለም፤ ዕዳውን ወደ ጎረቤት ሱቅ ያሻግራል እንጂ። ወንጀሉን ከሚሠራው ጋር የሚያግዘውንም ሕግ እንደሚጠይቅ ሳንዘነጋ ነው።

ደግሞስ «ሰው አለ» ማለት ምን ማለት ነው? ከእኔ የሚፈለገው ሒሳብ ሳይሆን ድልላ ነው ማለት ነው። ግብሩ ቢሮ ውስጥ በድርድር የሚወሰን ከሆነ የእኔ ትምህርት ለምን አስፈለገ? ለዚህ ለዚህ ደላላ አይበቃም?

አስቸጋሪ ደንበኛ ሁሉ ይመለስ አላልኩም። ደረሰኙን በፌስታል ቋጥራ የምትመጣው እናት፣ ገቢዎችን ስለ ፈራ በእኔ ላይ የሚጮኸው ወጣት፣ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ የሚነቃው ቸልተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ይደክማሉ፤ ነገር ግን ድካማቸው የእኛ እንጀራ ነው። መለያው የደንበኛው ጠባይ አይደለም። ከመዝገቡ በፊት ውጤቱን ጽፎ የመጣ ሰው ነው የሚመለሰው።

ከቢሮዬ ብዙም ሳይርቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ያ ዝርዝር የተጻፈው ለሹም አይደለም፤ ኋላ የሚመጣው መነኩሴ ቆጥሮ ያለውንና የጎደለውን እንዲያውቅ ነው። መዝገብ ማለት ይኸው ነው፤ ለባለቤቱ አንድ፣ ለጠያቂው ሌላ ከሆነ ግን መዝገብ መሆኑ ቀርቷል።

በማግሥቱ ነጋዴው ሲመለሱ፣ «ጋሼ፣ በከረጢቱ ያለውን እንዳለ ልሥራልዎ፤ ግምት ቢወርድብዎ በያዝነው ማስረጃ አብሬዎ እከራከራለሁ። በወረቀቷ ላይ ያለችውን ቁጥር ግን አልሠራም» አልኳቸው። ከረጢታቸውን አንሥተው፣ እኔንም ከሁለቱ «ሌቦች» ጋር ደምረው ወጡ። ሌላ ሰው ሳይቀበላቸው አልቀረም። የኅዳር ኪራዬንም ተበድሬ ከፈልኩ።

ገቢዎች በሐቅ የተያዘን መዝገብ ያለ በቂ ምክንያት መጣሉን ያቁም፤ ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው። እኛ ደግሞ «ሌላው ይቀበለዋል» ማለቱን እንተው፤ ምክንያቱም ለሌላው ባለሙያ፣ ያ ሌላው እኛው ነን።

ቸር ይግጠመን።