«ለእንስሳ ነው» እያልን እስከ መቼ?

በገበያችን ውስጥ ብዙ ጉድ የምትሸፍን አንዲት አጭር ቃል አለች፤ «ለእንስሳ ነው» የምትባል። በቆሎው ቢሻግት፣ ፉርሽካውን ዝናብ ቢመታው፣ የኑጉ ፋጉሎ ሽታው ቢቀየር የሚጥለው የለም። ዋጋው ይወርድና፣ ጆንያው ይቀየርና «ለእንስሳ ነው» ተብሎ ይጫናል። ለዶሮ ይሆናል፣ ለላም ይሆናል፤ አሁን አሁን ደግሞ በናይሮቢም በአዲስ አበባም በከረጢት ታሽጎ ለሚሸጠው የውሻ ምግብ ይሆናል።

ከሞያሌ እስከ ኢስሊ፣ ከመተማ እስከ ቶጎጫሌ የምንነግድ ሰዎች ይህችን ቃል ከማንም በላይ እናውቃታለን። ስለዚህ ዛሬ በመካከላችን ብዙም ስለማይወደድ ሰው ልንከራከር ተነስተናል፤ ስለ ሸማቾች ተሟጋች። ይህ ሰው የመኖ ከረጢት ገልብጦ ጽሑፉን ያነባል። «ከየት መጣ? መቼ ተመረተ? ማን መረመረው?» ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴው ደግሞ «ሥራ ፈት»፣ ሲብስበትም «የውሻ ጠበቃ» ይለዋል። «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ስለ ውሻ ምግብ ይወራል?» የሚለው ክርክርም ሁልጊዜ አለ።

እኛ መልሳችን አጭር ነው። የእንስሳውን ምግብ የሚጠብቅ ሰው የልጆቻችንን ምግብ እየጠበቀ ነው። ይህን የምንለው ለእንስሳ አዝነን ብቻ አይደለም፤ የሆነውን አይተን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በኬንያ ማቻኮስ አውራጃ የሆነውን እናስታውስ። መጀመሪያ እርግቦች ሞቱ። ቀጥሎ የአካባቢው ውሾች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው መታመም የጀመረው። 20 ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገቡ፤ 12ቱ አልተመለሱም። ምክንያቱ ሻጋታ ያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ነበር፤ ሰውም እንስሳውም ከአንድ በቆሎ ነው የበሉት። እርግቡና ውሻው ሲሞቱ «ምን በልተው ነው?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅና የሚሰማው ሰው ቢኖር ኖሮ ብለን እናስባለን። በ2004 በዚያው በምሥራቃዊ ኬንያ ያው መርዝ ተመልሶ መጣ፤ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ።

ከእኛ ራቅ ያለውንም እንይ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በአሜሪካ ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው እየከሸፈ ይሞቱ ጀመር። ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ከረጢት የእንስሳ ምግብ ከገበያ ተሰበሰበ። ከቻይና በመጣው የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን የተባለ የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ተገኘ። የተጨመረበት ምክንያት ለማንኛውም ነጋዴ ግልጽ ነው፤ ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጅን ስለሆነ፣ ናይትሮጅን የሞላው ሜላሚን ርካሹን ዕቃ ውድ ያስመስለዋል። በእኛ ቋንቋ ሚዛን መስረቅ ማለት ነው።

ያኔ የእንስሳቱ ባለቤቶች ዝም አላሉም። ለመንግሥት የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ከ17,000 በላይ አቤቱታ ደረሰ። ተሟጋቾች የሞቱትን እንስሳት ቆጠሩ፣ መዘገቡ፣ እንደራሴዎቻቸውን ወጥረው ያዙ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለእንስሳ ምግብ የጥራት ደረጃና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲበጅ አዘዘ። በዓመቱ፣ በ2008፣ ያው ሜላሚን በቻይና በሕፃናት የዱቄት ወተት ውስጥ ተገኘ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስቱ ሞቱ። ውሻና ድመቱ አንድ ዓመት ቀድመው ነግረውን ነበር ማለት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ካለ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአሥር ዓመት በፊት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና አካባቢዋ ካሉ የወተት ላም አርቢዎችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና ወስደው መረመሩ። ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው መንገድ የኑጉ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ላሟ የበላችውን መርዝ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ወተቷ ታሳልፈዋለች፤ ወተቱን ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። እንግዲህ «ለእንስሳ ነው» ተብሎ የተጫነው ጆንያ መድረሻው የት እንደሆነ ተመልከቱ። የሕፃን ጡጦ ውስጥ ነው።

«እኔ ዓይኔ ያውቃል፣ እህል አይቼ እለያለሁ» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉን። የልምዳቸውን ክብር አንነካም። ግን ይህ መርዝ በዓይን አይታይም። በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ በበቆሎ የሚፈቀደው መጠን ከቢሊዮን አሥር እጅ ነው፤ በእኛ ሒሳብ በአንድ ሺህ ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም። ይህን የሚለይ ዓይን ገና አልተፈጠረም። የሚለየው ምርመራ ነው፤ ምርመራ እንዲደረግ የሚጮኸው ደግሞ ያ የምንጠላው ተሟጋች ነው።

«ተሟጋች እንጀራችንን ያሳጣናል» ለሚሉም የምንለው አለን። እንጀራችንን የሚያሳጣን የኬላ መዘጋት ነው። በመጋቢት 2021 ኬንያ በአፍላቶክሲን ምክንያት ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ በቆሎ እንዳይገባ በአንድ ደብዳቤ ከለከለች። መኪኖች በቡሲያና በናማንጋ ተደርድረው ቀሩ። ንጹሕ የጫነውም የሻገተ የጫነውም እኩል ቆመ፤ በደረቁ አበሳ እርጥቡ ነደደ። እገዳው በቀናት ውስጥ ሲነሳ አስመጪው እንዲመዘገብና ጭነቱ የምርመራ ወረቀት እንዲኖረው ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠ። ተሟጋቹ ለዓመታት ሲጠይቀን የኖረው ይህንኑ ወረቀት ነበር። በጊዜው ሰምተነው ቢሆን ያን ሁሉ ቀን በፀሐይ የሚቆም ጭነት ባልኖረ።

ለተሟጋቾችም ቃል አለን፤ ሁሉም ልክ ናቸው አንልም። ናሙና ሳያስመረምር የአንድ ገበያ ፎቶ ለጥፎ «መርዝ ይሸጣሉ» የሚል ሰው ተሟጋች አይባልም፤ የደሃ ነጋዴ ቤት አፍራሽ ነው። የወተቱ ወሬ በወጣ ጊዜ ሁለት ላም ይዛ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከፋጉሎ ሻጩ እኩል ተጠርጥራለች፤ ፋጉሎውን ግን እሷ አላሻገተችውም። ስለዚህ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ፤ የላሟን ባለቤት ከመክሰሳችሁ በፊት መኖው የመጣበትን መንገድ ተከተሉ።

ሕጉም ቢሆን ከተሟጋቹ ጋር ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ሸማች ጥራት ያለው ዕቃና በቂ መረጃ የማግኘት፣ ጤናው የመጠበቅና ሲጎዳም የመካስ መብት ሰጥቶታል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና የመካስ መብት ይሰጣል። ለውሻው ምግብ የሚገዛው፣ ለላሟ ፋጉሎ የምትሸከመው፣ ለጫጩት መኖ የምትገዛው ሁሉ ሸማች ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን የሚበላው እንስሳ ስለሆነ የገዢው መብት አይቀንስም።

ከራሳችን ከነጋዴዎቹ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሻገተውን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ይቁም፤ ቅልቅል መርዙን ብዙ ቤት ያዳርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ በማኅበር ተዋጥተን የእርጥበት መለኪያና ፈጣን የአፍላቶክሲን መመርመሪያ እንግዛ፤ ከ13.5 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው በቆሎ መጋዘን አይግባ፣ እያንዳንዱ ጭነትም ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ይኑረው። ሦስተኛ፣ የሸማቾችን ተወካይ ወደ ስብሰባችን እንጥራ። ውጭ ቆሞ ከሚጮህብን ይልቅ ውስጥ ተቀምጦ ቢጠይቀን ይሻለናል።

ወጪ አለው፤ አንክድም። የሻገተ ኩንታል መጣልም ያማል፤ በተለይ በብድር ለተገዛ። ነገር ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ከእንግዲህ አንድ ደላላ መጥቶ «ችግር የለም፣ ለእንስሳ ነው» ሲለን «እንስሳውንስ ማን ሊበላው ነው? ወተቱንስ ማን ሊጠጣው ነው?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ካላወቀ ጭነቱን አንቀበል።