ምክርም በልክ ይሰፋል

ድሬዳዋን በከዚራና በመጋላ ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ አጠፋ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አፈናቀለ። ለሙታን ተለቀሰ፤ ለተረፉትም እርዳታ ተሰበሰበ። ነገር ግን ከጎርፉ የተረፈ ሰው በደጋው ላይ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ከአልጋው እየዘለለ የሚነሣ ቢሆን፥ ይህ ሕመም በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

እንዲህ ያለ አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። ሌሊቱን ለመርሳት ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይላል፤ ደመወዙም ወሩ ሳይጋመስ ስለሚያልቅ ከባለቤቱ ጋር ይጣላል። መሥሪያ ቤቱ ስለ መቅረቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ዘመድ ስለ ጫቱ ይቆጣዋል፤ ሽማግሌዎች ስለ ትዳሩ ያስታርቁታል። እያንዳንዱ የሰውየውን ሲሶ ይዞ ይጎትታል ማለት ነው። የሥነ ልቡና አማካሪ ሥራ ከዚህ የሚለየው፥ የትኛው ችግር የትኛውን እንደ ወለደ አስቀድሞ በመጠየቁ ነው። ለጨዋታ ብሎ መቃም የጀመረውና ጎርፉን ለመርሳት የጀመረው አንድ ዓይነት ቅጠል ቢይዙም አንድ ዓይነት ምክር አይበቃቸውም።

ድንጋጤውን እንመልከት። ቀድሞ በብዙ አገር ከአደጋ የተረፉትን ወዲያው ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ ማድረግ መድኃኒት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ግን ይህ አሠራር የኋላውን ሕመም እንደማይከላከል ታየ፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሳይጎዳ አልቀረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው መመሪያ፥ አስቀድሞ የሰውየው ደኅንነት ይጠበቅ፥ የሚያስፈልገው ይሟላለት፥ ከዘመዱ ይገናኝ፤ ሊናገር የፈለገ ይሰማ፥ ያልፈለገ አይገደድ ይላል። ወራት አልፈው ሕመሙ ያልለቀቀው ግን ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ወደዚያች ሌሊት ቀስ እያለ መመለስ ሊያስፈልገው ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» መባሉ መልካም ነው፤ ለማን፥ መቼና ምን ያህል እንደሚገለጥ ግን ተረቱ አልነገረንም።

ጫቱ ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። በድሬዳዋ በርጫ ማለት ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ጉዳይ የሚያልቅበት፥ ወዳጅ የሚገኝበት፥ የቀኑ ሐሩር የሚታለፍበት ስፍራ ነው፤ ጫት ተራም የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታውቋል፤ ሱሱን እንደሚያድን የተረጋገጠ ክኒን ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ሸክሙ በምክር ላይ ይወድቃል። «ተው» ማለት ደግሞ ምክር አይደለም። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከማን ጋር ሆኖ ምን እንደሚሠራ ያላሰበ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ከቃሚ ጓደኞቹ መካከል ይገኛል። ደግሞም ሲተው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ድካም ይጫነዋል፤ ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ቅዠትም ይመጣበታል። ይህ ቅዠት ከጎርፉ ትዝታ ጋር ሲደባለቅ፥ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው አእምሮውን የሳተ መስሎት ወደ ቅጠሉ ይሮጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ያላየ አማካሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ጠጪዎች እንዳስረዳው፥ አጥብቀው ሲገፉት ሰው ለልማዱ ጠበቃ ይሆናል፤ የመተዉን ምክንያት ራሱ እንዲናገር አድርጎ መጠየቅ ይሻላል። ተግሣጽ ለለመድን ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም።

በትዳር ነገር ሕጉም መንገድ ትቷል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው፥ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ወሮች ምን ይሠራል? ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ፤ ሀብታቸው ይህ ነው፤ እንቅፋታቸውም ይኸው ነው። ሚስት በባልዋ አጎት ፊት መመታትዋን እንዴት ትናገር? ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ማለት ለእርስዋ አደጋ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አማካሪ ለየብቻ ያነጋግራቸዋል፤ ከዕርቁም በፊት ደኅንነትዋን ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ የአእምሮ ሐኪም ብቻ ይሥራው ከተባለ ጥበቃው ረጅም ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሀራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ያስጀመሩት ሥራ ለዚህ የሚጠቅም ይመስለናል። በዚያ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያው ግቢ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፥ በባለሙያዎች እየታገዙ የተጨነቀውን ያነጋግራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም የታካሚዎቹ ጭንቀት እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል። በድሬዳዋ ለዚህ የሚቀርበው ማኅበር አፎቻ ነው። ነገር ግን አፎቻ የሠርግና የኀዘን ማኅበር እንደ መሆኑ ነገሩ ሁሉ በሰው ፊት የሚሆንበት ስለሆነ፥ ከአባሎቹ መካከል ምክር ሰጪዎች ቢመረጡ ከሥልጠናው እኩል የሚያስፈልጋቸው በርዋ የምትዘጋ አንዲት ክፍልና በውስጥዋ የተሰማው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ የሚያስር ደንብ ነው።